ኤፕሶሙን አስቀምጪውና መጀመሪያ ጨዉን ለኪ

ጥያቄ፦ «ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ትንሽ ካፌ አለኝ። ከጂዳ ስመለስ ዕቃውን ይዤ መጥቼ 240 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም አቁሜያለሁ። ዓሣም ኮራልም አለበት። ካልሲየሙ ከ360 አልወጣ አለኝ። አልካሊኒቲውን (ውሃው ውስጥ ያለውን የካርቦኔት መጠን) በኦቨን በጋገርኩት ቤኪንግ ሶዳ በየቀኑ እያነሳሁ 11 ላይ ይዤዋለሁ። ሶዳውን በጨመርኩ ቁጥር ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፣ ሂተሩም ነጭ ቅርፊት አውጥቷል። ማግኒዚየም ስለካ 1,080 ሆነ። ጨዉ 1.023 ነው። አንድ ወዳጄ አንድ ኪሎ ኤፕሶም ሶልት (ማግኒዚየም ሰልፌት) ጨምሪበት አለኝ። ልጨምር? ደግሞስ ከውጭ የሚመጣው የባሕር ጨው ስለተወደደብኝ በአፍዴራ ጨው መተካት አይቻልም?»

አብሽሪ እህቴ። የከፋ ነገር አልደረሰም። ያን አንድ ኪሎ ግን አትድፊው። ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪውና እንነጋገር።

ከጻፍሽልኝ ቁጥሮች ሁሉ ዓይኔ ያረፈው ማግኒዚየሙ ላይ አይደለም። 1.023 ላይ ነው። ውሃሽ ከንጹሕ ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ የሚናገረው የጨው ልክ ማለት ነው። አንቺ እንደ ደህና ነገር መሀል ላይ ጣል አድርገሽ አለፍሽው። ጣጣው ያለው ግን እዚያ ነው።

ዓሣ ብቻ የሚያኖሩ ሰዎች ውሃውን ቀጠን አድርገው ይይዛሉ። ለዓሣ 1.023 ምንም አይልም። ኮራል ያለበት ቤት ግን የውቅያኖሱን ልክ ይፈልጋል። ይኸውም በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው ነው፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ሲለካ 1.026 ገደማ ያነባል። ያንቺ 1.023 ወደ 31 ግራም ይጠጋል።

እስኪ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ጨዉ 35 የሆነ የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 1,290 ሚሊግራም አካባቢ ማግኒዚየም አለው። 1,290ን ለ35 አካፍይና በ31 አባዢው። 1,140 ይመጣል። እንግዲህ ውሃሽ አንዳች ጉድለት ባይኖርበት እንኳ ከ1,140 ብዙም አያልፍም ነበር። አንቺ 1,080 አገኘሽ። የማግኒዚየሙ የራሱ ጉድለት 60 ብቻ ነው። የቀረው 150 የጨው ጉድለት ነው። ካልሲየሙም እንደዚያው። በ35 ላይ 410 የሚሆነው በ31 ላይ 363 ይሆናል። ያንቺ 360 ነው። አየሽው? ወጥ ውሃ ሲበዛበት ጨዉም በርበሬውም ቅቤውም አብሮ ነው የሚሳሳው። በርበሬውን ብቻ ብትደፊበት ወጡ አይመለስም።

ግን ቆይ። 1.023ቱስ እውነት ነው? በምን እንደለካሽው አልነገርሽኝም። መርፌዋ ወደ ላይ የምትነሳዋ ፕላስቲክ ሀይድሮሜትር ከሆነች እኔ ብዙ አላምናትም። መርፌዋ ላይ አንዲት የአየር አረፋ ከተጣበቀች ወደ ላይ ትስባትና ጨዉ የበዛ ያስመስላል። ወደ ብርሃን አዙረሽ በአንድ ዓይን የምታዪበት ሪፍራክቶሜትር ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ብዙ ሰው በተጣራ ውሃ ዜሮ ላይ ያስተካክለውና በቃ ይላል። ዜሮ ላይ ልክ የሆነ መሣሪያ ግን 35 ላይ ሲደርስ ሊስት ይችላል። መስተካከል ያለበት በምትለኪበት ቦታ ነው።

ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ የ35 መለኪያ ፈሳሽ አለ። ካላገኘሽው ቤትሽ ትሠሪዋለሽ። የአፍዴራ ጨው የሚጠቅምሽም እዚህ ላይ ነው። ጨዉን ምጣድ ላይ በትነሽ እርጥበቱ እስኪወጣለት አሙቂው። ሲበርድ 36.5 ግራም መዝኚ። በ963.5 ግራም የተጣራ ውሃ አሟሚው። ይህ ፈሳሽ ብርሃንን የሚሰብረው 35 ግራም ጨው እንዳለው የባሕር ውሃ ነው። መስታወቱ ላይ ሁለት ጠብታ አድርጊ፣ ክዳኑን መልሺ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቂና መስመሩ 35 ላይ እስኪያርፍ ብሎኗን አዙሪ። የኩሽና ሚዛንሽ ግማሽ ግራም የማይለይ ከሆነ ወርቅ ቤት ጎራ ብለሽ አስመዝኚ። ሰውዬው ጨው ይዘሽ ስትገቢ ግር ይለው ይሆናል እንጂ አይከለክልሽም። አዮዲኑ አያሳስብሽ፣ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድ ነገር ብቻ፦ ይህ ፈሳሽ ለሪፍራክቶሜትር ነው። ሀይድሮሜትር አታስተካክዪበት።

ካስተካከልሽ በኋላም ንባቡ 31 አካባቢ ነው እንበል። እንግዲህ ጨዉን ማንሳት ነው።

አኳሪየሙ 240 ሊትር ይያዝ እንጂ ድንጋዩና አሸዋው ቦታ ይወስዳሉ። 200 ሊትር ውሃ አለው ብዬ ልያዝ። ከ31 ወደ 35 ለመድረስ 800 ግራም ገደማ ጨው ይጎድለዋል። ይህን በአንድ ቀን አታስገቢም። ደረቁን ጨው አኳሪየሙ ውስጥ መበተንማ ፈጽሞ የለም። ኮራል ላይ ያረፈች ፍሬ ታቃጥለዋለች። ይልቅስ በየቀኑ የሚተነውን ውሃ ተጠቀሚበት። ለዚያ የሚያህል አኳሪየም በቀን ሁለት ሊትር ቢተን ነው። እስካሁን በተጣራ ውሃ ስትተኪው ነበር። አሁን ለ11 ወይም ለ12 ቀን በ35 በተበጠበጠ የባሕር ጨው ውሃ ተኪው። በየቀኑ 70 ግራም ገደማ ጨው ይገባል። ዓሣውም ኮራሉም ሳይደነግጡ ትደርሻለሽ።

35 ስትደርሺ ግን ወደ ተጣራው ውሃ መመለስ እንዳትረሺ። አንድ የማውቀው ሰው ረስቶት ወር ሙሉ ጨዋማ ውሃ ሲጨምር ከረመ። 40 አልፎ ሳሎኑ ውስጥ ቀይ ባሕርን ሠራ።

ይህን ስትጨርሺ ማግኒዚየሙ ወደ 1,225፣ ካልሲየሙ ወደ 405 ይደርሳሉ። ገና ምንም ኬሚካል ሳትገዢ ማለት ነው።

ሶዳውን ግን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚው። 11 ዲግሪ አልካሊኒቲ በጣም በቂ ነው። የባሕር ውሃ ራሱ 7 ነው። ለአንቺ አኳሪየም 8 ወይም 9 ይበቃል። ካልነካሽው ኮራሎቹ እየተጠቀሙበት በራሱ ይወርዳል።

አሁን ወደ ወተቱ ልምጣ። ይህን በደንብ ካልነገርኩሽ ነገም ያው ነገር ይመጣል።

የባሕር ውሃ ከሚችለው በላይ ካልሲየምና ካርቦኔት የተሸከመ ውሃ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው ጠጥረው መውደቅ ነበረባቸው። ካፌሽ ውስጥ ሻይ የሚፈላበትን ማንቆርቆሪያ ገልብጠሽ ታች ታቹን እዪው። ነጭ ቅርፊት አለ አይደል? ያ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሂተርሽ ላይ የበቀለውም እሱው ነው። ታዲያ ባሕሩ ለምን እንዲህ አይጋገርም? አንዱ ትልቅ ምክንያት ማግኒዚየም ነው። ትንሽዬ የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታል ልታድግ ስትል ማግኒዚየም መጥቶ ፊቷ ላይ ይለጠፋል። የካልሲየምን ቦታ ይይዛል፣ ግን መጠኑ ከካልሲየም ያንሳል። ስለዚህ ድርድሩ ይበላሻል። ግንበኛ ከመደዳው መሀል ትንሽ ብሎኬት ቢያስገባ በላዩ የሚመጣው መደዳ እንደማይገጥም አድርገሽ አስቢው። ክሪስታሏ ሳታድግ ትቀራለች።

ማግኒዚየም ሲያንስ ይህ ጥበቃ ይላላል። አንቺ ደግሞ በላዩ ላይ የተጋገረ ሶዳ ትጨምሪበታለሽ። ቤኪንግ ሶዳ ሲጋገር ሶዲየም ካርቦኔት ይሆናል። ያረፈበትን ቦታ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚለካውን ቁጥር) በአንዴ ሽቅብ ይወስደዋል። ወተቱ የሚታይሽ ያኔ ነው። ያ ወተት ደግሞ ባዶ ወተት አይደለም። ያን ያህል የለፋሽበትን ካልሲየም ይዞ ነው አሸዋው ላይ የሚተኛው። በአንድ እጅሽ ትሰጪያለሽ፣ በሌላው ትቀሚያለሽ። ካልሲየሙ አልነሳ ያለሽ በጨው መሳሳት ብቻ አይደለም፣ በዚህም ነው።

ሂተሩ ላይ የሚብሰው ሙቀት ስላለ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ከስኳር ይለያል፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር መሟሟቱ ይቀንሳል። ደሴ ደግሞ ብርድ ነው። ሂተርሽ ከጂዳው ሂተር ይልቅ ሌት ተቀን ይሠራል። ከሶኬት ንቀዪው፣ እስኪበርድ ጠብቂ፣ አቸቶ ውስጥ ዘፍዝፊው። ፍስስ እያለ አረፋ ያወጣና ቅርፊቱ ይለቃል። የፓምፑንም ሽክርክሪት አውጥተሽ እንዲሁ አድርጊ። በደንብ አለቅልቀሽ መልሺ።

ወደፊት ሶዳ ማስፈለጉ አይቀርም። ያኔ ሳትጋግሪው ተጠቀሚ። በብዙ የተጣራ ውሃ አሟሚው። ፓምፑ ውሃውን በሚገፋበት ቦታ በቀጭኑ አንጠባጥቢው።

እሺ፣ ማግኒዚየሙ። ጨዉ 35 ሆኖ 1,225 ካገኘሽ ወደ 1,300 ለማድረስ 75 ይቀርሻል። 75 ሚሊግራም በ200 ሊትር ሲባዛ 15 ግራም ንጹሕ ማግኒዚየም ነው። በቃ፣ ይኸው ነው የሚጎድለው። ግን ንጹሕ ማግኒዚየም አይሸጥልሽም። በሁለት መልክ ይመጣል።

አንዱ ማግኒዚየም ክሎራይድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ውሃ ያዘለው ቅርፊት ሲሆን ከክብደቱ 12 በመቶው ማግኒዚየም ነው። ከሱ 125 ግራም ትፈልጊያለሽ። ሌላው ወዳጅሽ ያለሽ ኤፕሶም፣ ማለትም ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። ከክብደቱ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከሱ 150 ግራም ገደማ ይሆናል። ወይ ያንን ወይ ይህን፣ ሁለቱን ደርበሽ አይደለም።

እኔ ክሎራይዱን እመርጣለሁ። ባሕር ውስጥ ክሎራይድ ከሰልፌት በሰባት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ኤፕሶም ብቻ ስትጨምሪ ሰልፌቱ ይከማቻል። ብዙ ሰው ሁለቱን 10 እጅ ክሎራይድና 1 እጅ ኤፕሶም አድርጎ ይደባልቃል፣ ጥሩ ነው። ክሎራይድ ካጣሽስ? 150 ግራም ኤፕሶም ለአንድ ጊዜ ቢገባ ሰልፌቱን በ11 በመቶ ገደማ ቢያነሳው ነው። ኮራል አይገድልም። በየወሩ ግን አይደለም።

የወዳጅሽን አንድ ኪሎ በዚሁ እንመዝነው። አንድ ኪሎ ኤፕሶም በ200 ሊትር ውስጥ ማግኒዚየሙን በ490 ያነሳዋል። ከ1,080 ተነስተሽ 1,570 ትገቢያለሽ። ሰልፌቱም ከ2,400 ገደማ ወደ 4,350 ይወጣል። ጨዉን ደግሞ ኋላ ስታስተካክዪ ሌላ 150 ማግኒዚየም ይደረብበታል። ወዳጅሽ ክፉ አላሰበም። ስንት ሊትር እንደሆነ ሳይጠይቅ ነው የነገረሽ።

ስትገዢ የተከፈተ ከረጢት ተጠንቀቂ። ክሎራይዱ እርጥበት ይስባል። የተላቆጠ ከሆነ ግማሹን ለውሃ ነው የምትከፍዪው፣ ሚዛንሽም ይሳሳታል። ምልክት የሌለው ከረጢት ገጥሞሽ የትኛው እንደሆነ ከጠፋሽ አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ትንሽ ውሃ በብርጭቆ አድርገሽ ሁለት ማንኪያ ጨምሪበትና አማስዪ። ኤፕሶም ሲሟሟ ብርጭቆው እጅሽ ላይ ቀዝቀዝ ይላል። ክሎራይዱ አያቀዘቅዝም። ይህ ግን ሁለቱን ለመለየት እንጂ የማታውቂውን ዱቄት ለመፈተን አይደለም። ለእርሻ ማዳበሪያ የተዘጋጀውን ተዪው። ማዳበሪያው ውስጥ ያለ፣ ለአበባ የማይጎዳ ብረታ ብረት አኳሪየም ውስጥ ላለ ቀንድ አውጣ መርዝ ሊሆን ይችላል።

የመዘንሽውን በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሚና ለሦስት ቀን ከፋፍለሽ ጨምሪ። የማግኒዚየሙ ንባብ በቀን ከ50 በላይ ባይነሳ ደስ ይለኛል። ከካልሲየሙ ጋር ግን በአንድ ጠርሙስ አትደባልቂ። ኤፕሶም ያለበት ፈሳሽ ከካልሲየም ክሎራይድ ጋር ሲገናኝ ጀሶ ይሠራል። ግድግዳ የሚለሰንበት ጀሶ፣ እሱው ራሱ።

የአፍዴራን ነገር ጠይቀሽኛል። አጭሩ መልስ አይሆንም ነው። ምክንያቱ ግን ደስ ይላል። የባሕር ውሃ ፀሐይ ላይ ሲተን ሁሉም ጨው በአንድ ጊዜ አይጠጥርም። ጀሶው ይቀድማል። ቀጥሎ የምንበላው ጨው፣ ሶዲየም ክሎራይዱ ይወርዳል። ማግኒዚየሙ ግን እስከ መጨረሻው ፈሳሹ ውስጥ ይቆያል። ያ የቀረው ፈሳሽ ምላስ ላይ ይመራል። ጨው አምራች የሚፈልገው መሀለኛውን ነው፣ መራራውን ያስወግደዋል። ስለዚህ ለወጥ ጥሩ የሆነው ጨው ለኮራል ጎደሎ የሆነው በዚያው ምክንያት ነው። የዳናኪል ሜዳ ድሮ የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት ተንኖ የቀረ ነው። አያቶቻችን የተገበያዩበት አሞሌ የዚያ መሀለኛው ንብርብር ነው። ዳሎል አካባቢ ከምድር በታች ካርናላይትና ካይናይት የሚባሉ የፖታሽ ማዕድናት አሉ። ማግኒዚየሙ እነሱ ውስጥ ነው ያለው። ይኸው ሰፈራችን አጠገብ ተቀምጦልናል፤ በአኳሪየም ጨው መልክ ግን አልመጣም። ስለዚህ የውጭውን ግዢ።

ስትገዢም ከረጢቱን ወይም ባልዲውን ከመክፈትሽ በፊት አንከባልዪው። በመንገድ ሲንገጫገጭ የከረመ ጨው ደቃቁ ወደ ታች ይሰፍራል። ከላይ ብቻ እየጨለፍሽ ከበጠበጥሽ የመጀመሪያው ባልዲና የመጨረሻው ባልዲ አንድ አይሆኑም። ሰፈርሽ ቧንቧ ውሃ ይባል እንጂ የቧንቧውን ውሃ በቀጥታ አትጠቀሚ። የተጣራ ይሁን።

አሁን ስለ መለካቱ። ይህን የምለው ራሴ ተቃጥዬበት ነው። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ቤቴ ባለው አኳሪየም ማግኒዚየም ስለካ 1,100 አገኘሁ። ጨመርኩ። ሳምንት ቆይቼ ስለካ አሁንም 1,150። ጨመርኩ። ሦስተኛ ጊዜም ጨመርኩ። አንድ ጠዋት ስነሳ ቀንድ አውጣዎቹ መስታወቱን ለቀው አሸዋው ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። እግራቸው ተዝለፍልፎ ወጥቷል፣ ስነካቸው አይሰበሰቡም። ያኔ ነው አዲስ የበጠበጥኩትን ጨው ለመለካት ያሰብኩት። እሱም 950 አነበበ። የመለኪያው ጠብታ (ሪአጀንቱ) ጊዜው አልፎበት ኖሯል! በሌላ የመለኪያ ኪት ስለካ አኳሪየሙ 1,700 አልፏል። የባሕር ላይ ተመራማሪዎች አከርካሪ የሌላቸውን የባሕር እንስሳት ለማደንዘዝ ማግኒዚየም ክሎራይድ ይጠቀማሉ። እኔ ሳላውቅ ሰመመን ሰጥቻቸው ነበር። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ሩብ ሩቡን ቀየርኩ። አብዛኞቹ ነቁ፣ ሦስቱ ሞቱ።

ስለዚህ ከመጨመርሽ በፊት አዲስ የበጠበጥሽውን ጨው በ35 አድርገሽ በዚያው ኪት ለኪው። እሱም ከ1,200 በታች ካነበበ ወይ ኪቱ ወይ ጨዉ ነው ችግሩ። ስትለኪ ሲሪንጁ ውስጥ አረፋ እንዳይኖር። ጠብታውን መጨረሻው ላይ አንድ አንድ እያልሽ ጣዪ። ሮዙ ወደ ወይን ጠጅ ሲለወጥ ደረስኩ ብለሽ አታቁሚ፣ ሰማያዊው እስኪመጣ ቀጥዪ። ካፌው ውስጥ ባለው ቢጫ አምፖል ሥር ሳይሆን መስኮት አጠገብ ሁኚ። ሁለቴ ለክተሽ 50 ቢለያይ አትደንግጪ፣ የእነዚህ ኪቶች ባሕርይ ነው።

አንዴ 1,300 ከደረሰ በኋላ በየሳምንቱ ማሳደዱን ተዪው። ኮራል አጥንቱን ሲሠራ አልካሊኒቲውን በ2.8 ሲያወርድ ካልሲየሙን በ20፣ ማግኒዚየሙን ደግሞ በ2 ገደማ ነው የሚያወርደው። አኳሪየምሽ በቀን ግማሽ ዲግሪ አልካሊኒቲ ቢበላ እንኳ በወር ማግኒዚየሙ የሚወርደው 10 አካባቢ ነው። ኪትሽ ይህን አያየውም። ድንጋዩን ወይን ጠጅ የሚያለብሰው ጠንካራ አልጌ ከበዛልሽ ትንሽ ይጨምራል። በሳምንት 100 ወረደ የሚል ንባብ ካገኘሽ ግን ውሃውን አትጠርጥሪ፣ ኪቱን ወይ ጨዉን ጠርጥሪ። በወር አንዴ መለካት ይበቃሻል። በየሁለት ሳምንቱ 10 በመቶ ውሃ በደህና ጨው ከቀየርሽ ሌላ ማግኒዚየም ሳትገዢ ልትከርሚ ትችያለሽ።

ከጂዳ ለመጣ ሰው ደሴ የምትለይበት ሌላም ነገር አላት፣ ከፍታው። 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። መብራት ሲጠፋ ዓሣሽ ከጂዳው ዓሣ ቀድሞ ይታፈናል። በባትሪ የምትሠራ የአየር ፓምፕ አንዲት ይኑርሽ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ስለሚሳሳ ፒኤች በትንሹ ከፍ ማለት ይቀናዋል፣ ይህም ለቅርፊቱ ይመቸዋል። ካፌው ውስጥ ከሰል አቀጣጥለሽ ቡና የምታፈዪ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የከሰሉ ጭስ ፒኤቹን ያወርደዋል። ጠዋት ሌላ፣ ከቡና በኋላ ሌላ ቁጥር ካየሽ በዚህ ነው። ረከቦቱን ከአኳሪየሙ ራቅ አድርጊው፣ መስኮቱንም ክፈቺው።

ከ12 ቀን በኋላ አራት ቁጥር ላኪልኝ። የአኳሪየሙ ጨውና ማግኒዚየም፣ አዲስ የበጠበጥሽው ጨው ማግኒዚየም፣ እንዲሁም ብሎኗን ከማዞርሽ በፊት ሪፍራክቶሜትሩ በምጣዱ ጨው ፈሳሽ ላይ ስንት እንዳነበበ። የመጨረሻዋን እንዳትረሺ። እሷ ካልመጣች 1.023ቱ እውነት ይሁን ውሸት ስለማላውቅ ግራሙን አልቆርጥልሽም።